አራሚው የሚሰማው ድምፅ

ማተሚያ ቤት ውስጥ አራሚ ነበር። አንዲት ነጥብ ጎድላ ካለፈችው ቀኑን ሙሉ ስለሚያብሰለስላት የሥራ ባልደረቦቹ «መነጽር» ይሉታል። የሚኖረው ልብስ ሰፊ ከሆነች ታላቅ እህቱ ጋር ነው።

መጀመሪያ ዝም አለ። ከዚያ ገላውን መታጠብ ተወ፤ ምሳውን ይዞ ክፍሉ ይገባና በሩን ይዘጋል። ብቻውን ሲስቅ ስትሰማው፣ ፍቅር ይዞት ይሆናል ብላ በልቧ ደስ አላት። ይህ በጀመረ በስምንተኛው ወር ግን የስፌት መኪናዋን ገመድ ነቅሎ ታቅፎት አገኘችው።

«ምነው ወንድሜ?»

«እትዬ፣ በዚህ በኩል ነው የሚያዳምጡኝ። ሐሳቤን ሳልጨርሰው ይናገሩታል። ጋዜጣው ላይ የማገኘው ስህተትም ሆን ተብሎ ለእኔ የተላከ ነው።»

ክው አለች። ቢሆንም አልተከራከረችውም።

«እኔ አይሰማኝም። አንተ እንደምትሰማ ግን አምንሃለሁ። እንቅልፍ ነስተውሃል አይደል?»

አንገቱን ደፋ። ስለ እንቅልፉ ብቻ ሐኪም እናማክር ብትለው እሺ አለ።

ያገኟት ሐኪም ዕድሜዋ ጠና ያለ ነበር፤ አልቸኮለችም። ድምፆቹ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደሚሉ፣ ራሱን እንዲጎዳ ያዝዙት እንደሆነ፣ መቼ እንደጀመሩት አንድ በአንድ ጠየቀችው።

«ሁለት ናቸው» አላት። «ራስህን ጉዳ አላሉኝም። ‹አሁን ተነሳ፣ አሁን ውሃ ጠጣ› እያሉ ስለ እኔ ያወራሉ።»

እህቱ ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ሐኪሟ ደሙን አስመረመረች፤ መጠጥና ዕፅ ይወስድ እንደሆነም አጣራች። ከሁለት ሳምንት በኋላ እሱንና እህቱን አስቀመጠቻቸው።

«ስኪዞፍሬንያ የሚባል የአእምሮ ሕመም ነው። ደም የመረመርነው ሌላ ምክንያት እንዳይኖር ነው እንጂ ይሄ በደም አይታይም። ሕመሙን የነገሩን ምልክቶቹና የቆዩበት ጊዜ ናቸው።»

«ሁለት ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው?»

«ሰው እንደዚያ ይለዋል፤ ስህተት ነው። አንድ ሰው ነህ፤ የታመምክ ሰው። መድኃኒት አለው።»

«ቶሎ ባመጣው ኖሮ…» አለች እህቱ።

«አምጥተሽዋል እኮ።»

የመጀመሪያው መድኃኒት እጁን አንቀጠቀጠው፤ ተቀየረለት። በአራተኛው ወር ድምፆቹ ከግድግዳ ጀርባ እንዳለ ወሬ ራቁ። አለቃው ግማሽ ቀን እንዲሠራ ፈቀደለት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረው ወደ ቤት ሲመለሱ፣ «ዛሬ አንደኛው መጥቶ ነበር» አላት።

«ምን አለህ?»

«‹ጫማው ቆሽሿል› አለ።»

ዝቅ ብላ አየች። ጭቃው እስከ ማሰሪያው ደርሷል።

«በዚህስ አልዋሸም» አለችው።

ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ቤት ሲደርሱ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ጫማውን መጥረግ ጀመረ።