የሁስና ደብዳቤዎች ግልባጭ

ገመቺስ ኮምፒውተር የለመደው እየተበላሸበት ሲጠግን ነው። መቱ ውስጥ፣ ዐረብ አገር ለሥራ የሄዱ ሴቶችን ቤተሰብ በሚረዳ ትንሽ ማኅበር ተቀጥሮ፣ ማተሚያውንም ኔትወርኩንም ኢሜይሉንም ብቻውን ሲይዝ አምስት ዓመቱ ነበር።

በ2010 ክረምት ኢሜይላቸውን የሚያስቀምጥላቸው የአዲስ አበባ ድርጅት ሥራ ሊያቆም መሆኑንና እስከ ወሩ መጨረሻ ደብዳቤያቸውን እንዲያነሡ አስታወቀ። ገመቺስ የመልእክት ሳጥንን ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው የሚያመሳስል ፕሮግራም አገኘ። ጥቁር ገጽ ላይ ትእዛዝ እየጻፉ የሚያሠሩት ነው። መጫኑ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀ። አንዱን ክፍል ሲያወርድለት ሌላ ይጠይቀዋል፤ ያን ሊያወርድ ሲል ዝናቡ ይመጣና ኔትወርኩ ይጠፋል።

በዚያው ሳምንት እትዬ መስቱራ ከዳሪሙ መጡ። ልጃቸው ሁስና በሰው አገር፣ በሰው ቤት ስትሠራ ሞታ አስከሬኗ ሆስፒታል ከተቀመጠ አራተኛ ወሩ ነው። የአሠሪዋ ማንነት በማስረጃ ካልቀረበ አይለቀቅም ተብሏል። ሁስና ከመሞቷ በፊት ለማኅበሩ በኢሜይል ሦስት ደብዳቤ ልካለች፤ የሥራ ውሏንና የአሠሪዋን መታወቂያ በስልኳ አንሥታ አያይዛበታለች። እናትየው የመጡት የእነዚህን ግልባጭ ለመውሰድ ነው።

«የማተሚያው ቀለም አልቋል፤ ከጅማ እየመጣ ነው» አላቸው ገመቺስ። «ሰኞ ይምጡ፣ አትሜ እሰጥዎታለሁ።»

ዐርብ ከቀትር በኋላ ኔትወርኩ ተረጋጋ። ኃላፊው ጋሼ ደበሳ በር ላይ ብቅ አሉ።

«ዛሬ ያልቅልናል?»

«ያልቃል፣ ጋሼ።»

ፕሮግራሙ ምንም ሳይነካ፣ ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ የሚያሳይበት መንገድ ነበረው። ገመቺስ ይህን ያውቃል። ኔትወርኩ ሳይጠፋ ልጨርስ ብሎ ዘለለው። ደብዳቤዎቹ የሚዛወሩበት አዲሱ ሳጥን ውስጥ ራሱ የላካቸው የመሞከሪያ ደብዳቤዎች ስለነበሩ፣ ከምንጩ የሌለውን ሁሉ ከመድረሻው እንዲያጠፋ አዘዘ። ፕሮግራሙ ቀድሞ የተጻፈውን ሰርቨር ምንጭ፣ ተከትሎ የተጻፈውን መድረሻ አድርጎ ይወስዳል፤ ገመቺስ ግን አዲሱን አስቀደመ፣ አሮጌውን አስከተለ።

ገጹ ላይ መስመሮች ተግተለተሉ። ፍጥነቱ ደስ አሰኘው። እያንዳንዱ መስመር «ተሰርዟል» የሚል መሆኑን አስተውሎ ኬብሉን ሲነቅል ሁሉም አልቆ ነበር። በአሮጌው ሳጥን ውስጥ የተገኙት «ሙከራ» ብሎ የጻፋቸው አራት ደብዳቤዎች ብቻ ናቸው።

ድርጅቱ ጋ ደወለ። ሥራ ስለሚያቆሙ ከሰኔ ወዲህ የደብዳቤዎቹን መጠባበቂያ ቅጂ እንደማይዙ ነገሩት። የሁስና ስልክ ደግሞ አሠሪዎቿ ቤት ቀርቷል።

ጋሼ ደበሳ ነገሩን ሰምተው በሩን ዘጉ። «ለእትዬ መስቱራ ከአዲስ አበባ ጠፋ እንበላቸው» አሉ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ጋሼ።»

«እሱን ማወቃቸው ምን ይጠቅማቸዋል?»

ገመቺስ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰ። ቅዳሜና እሑድ እህል አልቀመሰም።

ሰኞ እትዬ መስቱራ ቀሚሳቸው እስከ ጉልበት ጭቃ ሆኖ ደረሱ። ወንበር ሰጥቷቸው እሱ እንደ ቆመ በኦሮምኛ ነገራቸው። ስለ ሰርቨሩ ቃል ሲያጣ «በእጄ አጠፋሁት» አለ።

«ፎቶውም?»

«እሱም።»

እትዬ መስቱራ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ወደ እሱ ገፉ። «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተ አንብበኸው የለም? የምታስታውሰውን ጻፍልኝ።»

ጻፈ። የሰውዬው የመጀመሪያ ስም፣ የሰፈሩ ስም በግማሽ፣ ሁስና መስኮቱ አይከፈትም ያለችው ማድ ቤት። የሰውዬውን የአባት ስም ደጋግሞ ቢያስብ አልመጣለትም። ወረቀቱ የማኅበሩ ማኅተም ተደርጎበት አስከሬኑን ወደሚያስለቅቀው መሥሪያ ቤት ሄደ። ከሁለት ወር በኋላ «ማስረጃ አልተያያዘም» ተብሎ ተመለሰ፤ በኅዳር ደግሞ ሁስና እዚያው መቀበሯ ተነገረ። የት እንደሆነ የጠቀሰ የለም።

ገመቺስ ወደ ዳሪሙ ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። መኪናው ካወረደው ቦታ ግማሽ ቀን በእግሩ ተጓዘ። እትዬ መስቱራ ከነሐዘናቸው ተነሥተው አስገቡት፤ ለጎረቤቶቻቸውም «ከመቱ ነው፣ ከቢሮ» አሉ እንጂ ሌላ አልጨመሩም። ውሃ ተሰጠው። ጠጣና ከወንዶቹ መጨረሻ ተቀመጠ።