ሁለት ጣት ክፍት መስኮት

ሰልጣኞቹ ከጀርባው «ሬዲዮ» ይሉታል። እሱም ያውቃል፤ ቅር አይለውም። መኪና መንዳት ማስተማር ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በእነዚህ ዓመታት ከጎኑ ተቀምጦ መሪ የጨበጠ ሁሉ ስለ ማርሽ ከተማረው ይልቅ ስለ አሰልጣኙ ልጆች የተማረው ይበልጣል። በተለይ ስለ ትልቋ። ሰልጣኙን ዳገት ላይ ላብ ሲያጠምቀው፣ «የኔ ልጅ እኮ ፍርሃት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም» ይላል። «አንበሳ ናት!»

አንበሳዋ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት ከቀረች አምስት ወር ሊሞላት ነበር።

ነገሩ የጀመረው ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ የጻፈችውን ወጥታ እንድታነብ ጠሯት። ቆመች። ልቧ ይደልቅ ጀመር፣ እጇ ደነዘዘ፣ ትንፋሽ አጠራት፤ የምትሞት መሰላት። ሐኪም ቤት ወስደው ልቧንም ደሟንም አስመረመሩ፤ ምንም የለባትም ተባለ። በሳምንቱ ደግሞ መጣባት። ከዚያ ወዲያ የደብተር ቦርሳዋን እንዳታየው አልጋ ሥር ከተተችው፤ ሰው ፊት መናገር ቀርቶ ሱቅ ሄዶ ሳሙና መጠየቅ ጭንቅ ሆነባት። አባትየው ለጠየቀው ሁሉ «ጉንፋን ቢጤ ነው» ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እሱ ግን የደበቀው የልጁን በሽታ ነው፤ ያ ደግሞ ይብሳል።

እናትየው መድኃኒት ቤት ትሠራለች፤ ወሬ አታበዛም። አንድ ቀን ከጤና ጣቢያ ወረቀት ይዛ መጣች። ለወጣቶች የተጀመረ አገልግሎት ነው፤ የምክር ባለሙያ በስልክ ቪዲዮ እየተያዩ ሳምንት በሳምንት ታነጋግራለች። በአካል ለመቅረብ ወረፋው ሰባት ወር ነው፤ በስልክ ግን በሚቀጥለው ረቡዕ ይጀመራል። አባትየው በስልክ መኪና መንዳት ያስተማረ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ተናገረ። ሚስቱ «አንተን ማን ጠየቀህ» አለችው፤ ነገሩም በዚያው አለቀ።

ችግሩ ቦታ ነበር። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው። ሁለት ረባሽ ታናናሽ ወንድሞች አሉ፤ ጆሯቸው ደከመ የሚባልላቸው፣ ነገር ግን የማይመለከታቸውን ሁሉ አጥርተው የሚሰሙ አያት አሉ። ጓዳም፣ በረንዳም፣ መታጠቢያ ቤትም ታስቦ ሳይሆን ቀረ። በመጨረሻ መኪናው ትዝ አላቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ አሰልጣኙ ሰልጣኝ አይዝም። መኪናውን ማሰልጠኛው ሜዳ ዳር፣ ኔትወርክ ደህና ከሆነበት ከግንቡ ሥር ያቆማል። የልጅቷ ስልክ ካሜራው ስለተበላሸ የራሱን ይሰጣትና ወርዶ እዚያው አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል።

በመጀመሪያው ቀን ባለሙያዋ ሦስቱንም አንድ ላይ አነጋገረች። መነጽር ያደረገች፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ዶክተር እንዳልሆነች ሁለት ጊዜ ተናገረች፤ አባትየው ሁለቱንም ጊዜ «እሺ ዶክተር» አለ። ልጅቷ የምትነግራት ነገር በሁለቱ መካከል እንደሚቀር፣ ለሕይወቷ የሚያሰጋ ነገር ካልመጣ በቀር ለወላጅ እንኳ እንደማይነገር አስረዳች። ሁሉም ተስማሙ።

ሦስት ረቡዕ አለፈ። ከሦስተኛው በኋላ ልጅቷ ብቻዋን ሱቅ ሄዳ ሁለት ሳሙና ገዝታ መጣች። እናትየው አንዱን ተቀብላ ልብስ ማጠብ ጀመረች። አባትየው ግን ሌላውን ሳሙና ብድግ አድርጎ እንደ ዋንጫ ከፍ አደረገና «አንበሳ አላልኳችሁም?» አለ። ልጅቷ ፈገግ ብላ ወደ ውስጥ ገባች። ፈገግታዋን አየ፤ ትታው መግባቷን ግን ልብ አላለም።

በአራተኛው ረቡዕ ልጅቷ የጆሮ ማዳመጫዋን ቤት ረሳች። አሰልጣኙ የመንገድ ምልክቶችን ትምህርት ቀድቶ በመኪናው ስፒከር ስለሚያሰማ፣ ስልኩ መኪና ውስጥ በገባ ቁጥር ማንንም ሳይጠይቅ ከስፒከሩ ጋር ይገናኛል። ልጅቷ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ዘጋች። የኋላው የግራ መስኮት ግን ማንሻው ከተሰበረ ዓመት አልፎታል፤ የተዘጋ ይመስላል እንጂ ከላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይቀራል። አሰልጣኙ ይህን ያውቃል። «ነገ አሠራዋለሁ» እያለ የከረመው እሱ ነው። ሜዳው ላይ አንድ የከባድ መኪና ሰልጣኝ ሞተር ያስጮህ ስለነበር ልጅቷ ድምፁን ጨመረች።

«ብቻሽን ነሽ? የሚሰማሽ ሰው አለ?» የባለሙያዋ ድምፅ ልክ እንደ ዜና ጥርት ብሎ ድንጋዩ ድረስ መጣ።

ሄዶ መስታወቱን ማንኳኳት ነበረበት። እውነት ለመናገር ግማሽ ያህል ተነስቶ ነበር። «አባትሽ» የሚል ቃል ሲሰማ ተመልሶ ተቀመጠ።

ልጅቷ ዝግ ብላ ስለምትናገር የሷ ድምፅ አይወጣም። የሚሰማው የባለሙያዋ ብቻ ነው። «አባትሽ ለሰው ‹አንበሳ ናት› ሲል ምን ይሰማሻል?» አለች። ዝም። «እንደምትፈሪ ካወቀ ያፍርብኛል ብለሽ ነው?» አሰልጣኙ ወደ መስኮቱ ዘንበል አለ። «እሱስ ፈርቶ አያውቅም? በጭራሽ? ጠይቀሽው ታውቂያለሽ?» ከዚያም፣ «እንግዲያው የዚህ ሳምንት የቤት ሥራሽ ይሁን። ሲመችሽ ጠይቂው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ፤ ያን ቀን የሱ ጆሮ ባዳ ሆኖ ቢቀር በወደደ። ማፈር? እሱ? በሷ? በሆዱ ሊከራከር ሞከረና ያ «ጉንፋን ቢጤ» ትዝ ሲለው ክው አለ። ለጎረቤቱም፣ ለመምህሯም፣ ለገዛ ወንድሙም እንዲያ ብሎ ነበር፤ ልጅቷ በሁሉም ቦታ አጠገቡ ቆማ ነበር።

አሁን ምን ይሁን? ሰማሁ ቢል፣ በአምስት ወር ውስጥ አፏን የከፈተችበት ብቸኛ ቦታ ይዘጋል፤ ሁለተኛ ላይከፈትም ይችላል። አልሰማሁም ቢል ደግሞ፣ እሷ ያላትን ድፍረት ሁሉ አጠራቅማ ስትጠይቀው፣ እሱ የፈተና ወረቀት ሰርቆ እንዳየ ተማሪ የተዘጋጀ መልስ ሊሰጣት ነው። ገና ሲያወጣና ሲያወርድ የመኪናው በር ተከፈተ።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለች። ፊቷ ከሰሞኑ ሁሉ ፈካ ብሏል።

«ቆይ፣ የኔ እናት፤ መጀመሪያ እኔ ልንገርሽ። ያ የኋላው መስኮት አይዘጋም። ሰምቻለሁ።»

«ምኑን?»

«እሷ ያለችውን። ያንቺን አልሰማሁም።»

«ከየት ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

ለምን እንዳላስቆማት ጠየቀችው። ሬዲዮ ስለ ማንሻው መሰበር ያወራ ጀመር። ልጅቷ ስልኩን ወንበሩ ላይ አስቀምጣ በእግሯ ወደ ቤት ሄደች። እሱም ምን እንደሚያደርግ ግራ ቢገባው መኪናውን አስነስቶ በአንደኛ ማርሽ ከኋላዋ ይከተል ጀመር። ሁለት መታጠፊያ ያህል እንደሄዱ ዞራ አየችው። አስተያየቷ የቀይ መብራት ያህል ገባውና ቆመ።

ሚስቱ ታሪኩን እስከ መጨረሻው ሰማች። «ይቅርታ እያልክ አትነዝንዛት። መስኮቱን አሠራ» አለችው። በዚያው ከሰዓት አሠራው፤ ዓመት ሙሉ ነገ ሲባል የከረመው ሥራ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ ጨው እንኳ ስትፈልግ በወንድሞቿ በኩል ነበር የምታስለምነው። እሱም ዝምታ አበዛ፤ ሰልጣኞቹ አሞት እንደሆነ እስኪጠይቁት ድረስ። ስለ ልጁ ሲጠይቁት «ጨንቋታል፤ እየታከመች ነው» አለ። ቃሉ እንደፈራው አፉን አላቃጠለውም። አንዱ ሰልጣኝ እንዲያውም የእህቱ ልጅም እንዲሁ ሆኖ እንደነበር አጫወተው።

ረቡዕ ደረሰ። ትምጣ አትምጣ ሳያውቅ መኪናውን በር ላይ አውጥቶ ጠበቀ። ሊሄድ ቁልፉን ሲያዞር የጆሮ ማዳመጫዋን አንገቷ ላይ ጥላ ወጣች። ልቡ ወደ ቦታው ተመለሰለት። ሜዳው ዳር ሲደርሱ የኋላውን መስኮት ራሷ ዘጋችው፤ ጫፉንም በጣቷ ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰችው።

«ድንጋዩ ላይ እንዳትቀመጥ» አለችው። «ወዲያ ማዶ።»

ሰልጣኞች የሚዞሯቸውን በርሜሎች አልፎ፣ ሜዳውን አቋርጦ ማዶ ሄደ። ከዚያ ሲያዩት መኪናው የክብሪት ሳጥን ያክላል። ምን እንደሚባል አያውቅም፤ አለማወቁም ደስ አለው። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆየ ክላክሱ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አሰልጣኙ ቦርጩን ይዞ እየሮጠ መጣ።

ልጅቷ የፊቱን በር ከፈተችለት፤ ማዳመጫውንም ነቅላለች። ባለሙያዋ ጥፋቱ የሷም እንደሆነ፣ በምን እንደምታዳምጥ መጠየቅ እንደነበረባትና ከእንግዲህ እንደምትጠይቅ ተናገረች። ከዚያ ልጅቷ ወደ አባቷ ዞረች።

«አባዬ፣ ፈርተህ ታውቃለህ?»

ሳምንቱን ሙሉ ለዚህ ጥያቄ ያማረ ንግግር ሲያዘጋጅ ነበር የከረመው። አንዱም ትዝ አላለው። «መንጃ ፈቃድ ስፈተን አራት ጊዜ ወድቄአለሁ» አለ።

«በአንዴ አለፍኩ ትል የለ እንዴ?»

«ውሸቴን ነው። እግሬ የፍሪሲዮኑ ፔዳል ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ በርሜል ገጨሁ። በሁለተኛው ግራና ቀኝ ጠፋብኝ። በሦስተኛው ከበር ተመልሼ ፈታኙ ቀሩ ብዬ ለእናቴ ዋሸሁ፤ ያንንም እንደ ወደቅኩ ቁጠሪው። በአራተኛው ፈታኙን ‹አባዬ› ብዬ ጠራኋቸው።»

ልጅቷ ሳቀች። ሳቋን ከሰማው ብዙ ጊዜ ሆኖት ስለነበር ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አልደበቀውም። «አላፈርኩብሽም፣ የኔ እናት» አለ። «‹ጉንፋን ነው› ያልኩት ፈርቼ ነው። ምን ላደርግልሽ እንደምችል ስላላወቅኩ ነው የፈራሁት።» ልጅቷ እጁን ያዘችው። ባለሙያዋም የተመደበላቸው ግማሽ ሰዓት እንዳለቀ ሳታነሳ ጥቂት ቆየች።

በአምስት ሰዓት ሰልጣኝ ነበረው። ሃምሳ ዓመት የሞላት ባለዳቦ ቤት ናት። ልጅቷ መንገድ ላይ እንድትወርድ ከኋላ እንደተቀመጠች ተጓዙ። ዳገቱ መሃል አሰልጣኙ መኪናውን አስቆመና ሴትዮዋን እንድታስነሳ አዘዛት። ሞተሩ ጠፋ። ደግማ ሞከረች፤ ጠፋ። ከኋላ ያሉ መኪኖች ክላክስ ያስጮሁ ጀመር። ለዚህ እንዳልተፈጠረች፣ እሱ በአንዴ እንዳለፈ፣ እሷ ግን ሰነፍ እንደሆነች እየተናገረች በሩን ልትከፍት እጇን ሰደደች። አሰልጣኙ የእጅ ፍሬኑን እየሳበ ሳለ ከኋላ ድምፅ መጣ።

«በአንዴ አይደለም ያለፈው፤ አራቴ ወድቋል።»

ሴትዮዋ ዞረች። አሰልጣኙ በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። የልጁ ፊት ቲማቲም መስሏል፣ ግን አላቋረጠችም።

«እግሩ ይንቀጠቀጥ ነበር» አለች፣ ለማታውቀው ሰው። «እትዬ፣ መጀመሪያ ይተንፍሱ። አራት እየተቆጠረ ያስገቡ፣ ስድስት እየተቆጠረ ያስወጡ። እኔ እቆጥርልዎታለሁ።»

መቁጠር ጀመረች። ከኋላ ያሉት መኪኖች እንደጮሁ ናቸው። ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፍና ተነፈሰች፤ አሰልጣኙም ሳያውቀው አብሯት ይተነፍስ ነበር።