ከመልሱ የቀደመ ሽኝት

እንደ ፈረንጆቹ በ2004፣ በየካቲት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ዮሳቤጥ ፍሬው ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ካለው ኢንተርኔት ቤት ተቀምጣ ከአሜሪካ የመጣላትን መልእክት ደጋግማ አነበበች። የላከው ከሚያመለክቱለት ብዙዎች ጥቂቱን ብቻ በመቀበል የታወቀ ዩኒቨርሲቲ ነው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ ይህ የመቀበያ ደብዳቤ አይደለም፤ መልሱ የሚሰጠው በማርች መጨረሻ ነው፤ ሆኖም የትምህርት ቤት ውጤትሽ እስከዚያ ካልወረደ መልካም ዜና ልትጠብቂ ትችያለሽ።

ቤት ገብታ ለአባቷ ተረጎመችላቸው። አቶ ፍሬው አገራቸው ሳሉ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ አሁን ከወንዙ ማዶ፣ ባሕሪ ውስጥ፣ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣሉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እና ተቀብለውሻል ወይስ አልተቀበሉሽም?»

«ገና አልተቀበሉኝም። እንደሚቀበሉኝ ግን ነግረውኛል።»

«ካልተቀበሉሽ ለመናገር ምን አስቸኮላቸው?»

«ሌላ ቦታ እንዳልሄድባቸው ነው፣ አባባ።»

አቶ ፍሬው በስደት በኖሩባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ሌላ ቦታ እንዳይሄዱበት የሰጋ መሥሪያ ቤት አጋጥሟቸው አያውቅም። ነገሩን ከጋሽ ሰሎሞን ጋር ሊመካከሩበት ወጡ።

ጋሽ ሰሎሞን የሰፈሩ የፕሮሰስ አዋቂ ናቸው። ፕሮሰስ የሚባለው ስደተኛ ሦስተኛ አገር ለመግባት የሚያልፍበት ረጅም መንገድ ነው። እሳቸው ስንቱን ለቃለ መጠይቅ አሠልጥነው ወደ ካናዳና ወደ አውስትራሊያ ልከዋል፤ ራሳቸው እስካሁን ሳጃና ናቸው። መልእክቱን ሰምተው «የመጀመሪያ ምልክት ነው» ብለው ወሰኑ። «መብሩክ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። ሽኝቱ ይጀመር።»

በሳጃና ሐበሾች ዘንድ ሽኝት የሚጀመረው የመጀመሪያው ምልክት በታየ ቀን ነው። ምክንያት አለው። በአንድ ወቅት ጠዋት ተጠርቶ ማታ የበረረ ሰው ነበር፤ ማንንም ሳይሰናበት፣ ፍራሹንም ለማን እንደሚተው ሳይናገር ሄደ። በዚያ ፍራሽ የተነሣ ሁለት ቤተሰቦች ዛሬም አይነጋገሩም። ከዚያ ወዲህ ተጓዥ ቀድሞ ይሸኛል፤ ዕቃውም ቀድሞ ይከፋፈላል።

በማግሥቱ ጎረቤት መምጣት ጀመረ። የዮሳቤጥ አልጋ ለአንዲት አራስ ተሰጠ። ጠረጴዛዋን ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲወጡ የፊዚክስ መጽሐፏ ላዩ ላይ ነበር፤ በትሕትና መለሱላት። አንድ የማታውቀው ጎልማሳ ደግሞ እንደ ወንድሟ ፋይሏ ውስጥ እንድታስገባው ለመናት።

«ዩኒቨርሲቲ ነው እኮ። ወንድም አያስገባም» አለችው።

«የአጎት ልጅስ?»

እንግዶቹ ሲሄዱ ጋሽ ሰሎሞን ፊት ለፊቷ ተቀምጠው ያሠለጥኗት ነበር።

«ለምን ተሰደድሽ?»

«እዚሁ ነው የተወለድኩት፣ ጋሼ። ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ይህን አይጠይቅም።»

«ሁሉም ይጠይቃል፤ አጠያየቁ ነው የሚለያየው። ያላ፣ ከመጀመሪያው። ስትመልሺ አታልቅሺ፤ ግን ልታለቅሺ የደረስሽ ምሰዪ።»

የፊዚክስ ውጤቷ አሽቆለቆለ። መምህሩ ለብቻዋ ጠርቶ «ከማርች በፊት አንድ ፈተና ይቀርሻል» አላት። «ውጤቱን ትምህርት ቤቱ በቀጥታ ለዩኒቨርሲቲው ይልካል። እንደዚህኛው ከሆነ የሰጡሽን ተስፋ መልሰው ይወስዱታል።»

ቤት ስትደርስ ወንበሯ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ አገኘች። ሊሰናበታት የመጣ ነው፤ ሲሄድ ወንበሩን ይዞት ይሄዳል።

«አባባ» አለች፣ ሰውየው እየሰማ፣ «የሚሸኙኝ ሰዎች ሊያስቀሩኝ ነው።»

አቶ ፍሬው እንደገና ወደ ጋሽ ሰሎሞን ሄዱ። ልጅቷ እስክትፈተን ድረስ ሽኝቱ እንዲቆም ለመኑ።

«ሽኝት አይቆምም» አሉ ጋሽ ሰሎሞን። «ሰው ሲሄድ ያልቃል እንጂ።»

አቶ ፍሬው አሰቡ። ካርታ ያስተማሩ ሰው ናቸውና የሚያስቡት በአቅጣጫ ነበር።

«እንግዲያውስ ትሂድ።»

«የት?»

«ካፉሪ። ጦይባ ዘንድ።»

ጦይባ ካፉሪ በሚባለው የባሕሪ ሰፈር በአንድ ቪላ የምትሠራ የወሎ ልጅ ናት፤ የዐርብ ዕረፍቷን ከእነ ዮሳቤጥ ጋር ታሳልፋለች። ጋሽ ሰሎሞን ሐሳቡን መረመሩት። ወንዝ ይሻገራል። ሀብታም አገር ነው።

«ይሆናል» አሉ።

ዐርብ ቀን አንዲት አምጃድ፣ እነዚያ ትንንሽ የኪራይ መኪኖች እንደሚባሉት፣ በራቸው ላይ ቆመች። ሾፌሩ ወዴት እንደሆነ ሲጠይቅ አቶ ፍሬው «ካፉሪ» ብለው ጮክ አድርገው መለሱለት። ሁሉም ሰማ፤ ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ አለቀሱ። እናቷ ወይዘሮ ወለላ ጉንጯን ስመው ስመው መልቀቅ አቃታቸው።

«እንደደረስሽ ደውዪ» አሉ ጋሽ ሰሎሞን።

ድልድዩን መሻገሩ ከመሰናበቱ ያነሰ ጊዜ ወሰደ።

የቪላው እመቤት ሲት ሉጥፊያ «ተማሪ ከሆነች ትግባ፤ ድምፅ ግን አልፈልግም» ብለው ነበር። ዮሳቤጥም የምትፈልገው ይህንኑ ነው። የጦይባ ክፍል ከጓሮ፣ ከጄኔሬተሩ አጠገብ ነበር፤ አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ አለው። ጠረጴዛውን ማንም ሊወስደው አልመጣም።

ጦይባ ሳጃና በሄደች ቁጥር ሰው ይከባታል።

«በርዷታል?» ይላሉ ወይዘሮ ወለላ።

«ኧረ እሳት ነው ወላሂ። መብራት እየሄደ ፈጀን።»

«አሜሪካ ሰፊ ነው» ይላሉ ጋሽ ሰሎሞን። «የሚሞቅም ክፍል አለው።»

ስትመለስ አንዱ የእግሩን ልክ በወረቀት ስሎ ይሰጣታል፤ ሌላዋ ቫይታሚን ታዝዛለች። ጦይባ መልእክቱን ሁሉ አድርሳ «እኔ ምን አገባኝ፣ ፖስታ ቤት አደረጉኝ» እያለች ትስቃለች።

አንድ ቀን ዮሳቤጥ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቅ ዐረቢ በሚባለው የመሐል ከተማ ገበያ፣ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ከእናቷ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመች። ወይዘሮ ወለላ የቲማቲም ከረጢታቸውን እንደያዙ ቆሙ። አልቀረቧትም። ግራ ቀኝ አዩና ከቆሙበት ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ ከሩቅ እንደሚነጋገር ሰው፣

«ዮሳ! ደህና ነሽ ወይ? ይሰማል?»

«ይሰማል፣ እማ።»

«ትበያለሽ?»

«እበላለሁ። ፈተናው ሰኞ ነው።»

«ኢንሻአላህ ታልፊዋለሽ» አሉ ክርስቲያኗ እናት፣ ካርቱም እንዳስለመደቻቸው። ከዚያ ከረጢቱን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። «በይ ዝጊው፤ ካርዱ አለቀ።»

ፊታቸውን አዙረው በሰው መካከል ሄዱ።

ሰኞ ተፈተነች፤ ከክፍሉ አንደኛ ወጣች። በማርች መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ተቀበላት፤ ወጪዋንም ሁሉ ሊሸፍን ተስማማ። ዮሳቤጥ በዚያው ሰዓት ወንዙን ተሻግራ ሳጃና ገባች። አባቷና ጋሽ ሰሎሞን ደጃፍ ተቀምጠው ነበር።

«ተቀበሉኝ» አለች።

አቶ ፍሬው ተነሥተው አቀፏት። ጋሽ ሰሎሞን ከላይ እስከ ታች አዩአት።

«ከሄድሽ በኋላ ነው የተቀበሉሽ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንዲህ ያለ ፕሮሰስ ገጥሞኝ አያውቅም።»

ጎረቤቶችም ወጥተው ከውጭ የመጣ ሰው እንደሚቀበሉ ተቀበሏት። አንዲቷ «አልወፈርሽም» ብላ አዘነችላት። ያቺ ቫይታሚን ያዘዘችው የዮሳቤጥን እጅ እጅ አየች። ጠረጴዛውን ወይም አልጋውን የሚመልስ ስላልነበረ፣ ዮሳቤጥ ወደ ካፉሪ ተመለሰች።

የጉዞ ወረቀቷ ተሟልቶ በነሐሴ የምትበርበት ቀን ሲቆረጥ አቶ ፍሬው ለሰፈሩ ተናገሩ። ሰዎቹ በአክብሮት አዳመጡ። የተሸኘ ሰው እንደገና አይሸኝም፤ እንዲያ ማድረግ መጥፎ ገድ እንደሆነ ጋሽ ሰሎሞን አስረዱ። አቶ ፍሬው ብቻቸውን አውሮፕላን ማረፊያ ሊጠብቋት ተስማሙ።

በዚያን ቀን ጠዋት የቪላው በር ተንኳኳ። ጦይባ ስትከፍት ወይዘሮ ወለላ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል።

«ልሸኛት አይደለም» አሉ አስቀድመው። «ልጠይቃት ነው የመጣሁት።»

ገቡ። ክፍሉን አዩ፣ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው ዳሰሱ፣ አልጋው ጫፍ ተቀመጡ። ጦይባ የከርከዴ ጭማቂ አቀረበችላቸው። ስለ ሙቀቱ አወሩ፤ ስለ አባይ መሙላት አወሩ። ስለ ጉዞው ማንም አላነሣም። የታሰረው ሻንጣ እግራቸው አጠገብ ነበር፤ እንዳያደናቅፋቸው ቀሚሳቸውን ሰበሰቡ።

ከጠጡ በኋላ ተነሡ። «እንግዳ ሲበዛበት ባለቤት ይደክማል። ሸኚኝ።»

ዮሳቤጥ እናቷን ይዛ ወጣች። እስከ አስፋልቱ ድረስ ጎን ለጎን ሄዱ። የካርቱም አውቶቡስ መጣ። ወይዘሮ ወለላ ልጃቸውን አንድ ጊዜ ብቻ ሳሙ፤ እንግዳ የቤቱን ሰው የሚስመውን ያህል። ወጥተው በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ።

«በቃሽ፣ ግቢ» አሉ። «ፀሐይ ነው።»

ዮሳቤጥ አውቶቡሱ ወደ ድልድዩ እስኪታጠፍ ድረስ ቆማ አየች። ከዚያ ሻንጣዋን ልታመጣ ተመለሰች።