ቀሚስ ተንተራሹ

ሸዋንግዛውን የደብረ ብርሃን አንደኛ ወሬኛ ማለት ስሙን ማጥፋት ነው፤ ከጣርማ በር እስከ ጫጫ አቻ አልነበረውም። ጧት ያያት ቀበሮ ቀትር ላይ ነብር ትሆናለች፤ ነብሯም አረቄ ቤት እስኪደርስ ድረስ ሦስት ወልዳ ትጠብቀዋለች። ሥራው በመንግሥት የሱፍ መጋዘን የበግ ጠጉር መረከብ ነው። እሱ ሲያወራው ግን ጠጉሩ ከአንበሳ የተሸለተ፣ ሸላቹም ራሱ ሸዋንግዛው ነበር።

ሚስቱን ያሳጣውም ይኸው አፉ ነው። በለጥሻቸው በእንቅልፏ ታወራለች። ይህን ከእሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አንድ ቀን አረቄው ሞቅ ሲያደርገው፣ በሕልሟ ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር ስለ ስኳር እንዴት እንደተከራከረች፣ ሰውየውን እንዴት እንዳስለቀሰችውና አንድ ኩንታል ይዛ እንዴት እንደወጣች አሳምሮ ተረከው። በሳምንቱ በለጥሻቸው በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ስትይዝ ሴቶቹ «ዛሬስ በሕልምሽ ስንት ኪሎ ፈቀዱልሽ?» አሏት። ቤቷ ተመለሰች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ ጎረቤላ አባቷ ዘንድ ሄደች። «ገመና የሚያወጣ ባል ከሌባ ይብሳል፤ ሌባ እንኳ የወሰደውን ይደብቃል» ማለቷን የነገሩት ጎረቤቶች ናቸው።

ሸዋንግዛው ለሰው ሁሉ «አባረርኳት» አለ። አምስት ወር እንዲህ ሲል ከረመ። በስድስተኛው ወር ግን ጽናቱ አለቀ።

ያን ጊዜ እሑድ ጧት በሬዲዮ የአድማጮች ደብዳቤ ይነበብ ነበር፤ ትዳር የመረረው ይጽፋል፣ ምክሩም በፖስታ ይላክለታል። ሸዋንግዛው ሊጽፍ ቆረጠ። ጥንቃቄውን አገር የሚሰልል ሰው እንኳ ቢያይ ይቀናበታል። ቀኝ እጁን ትቶ በግራው ጻፈ። ደብዳቤውን ሊልክ ጫጫ ድረስ ሄደ። የሚስቱን ስም አላነሣም፤ ስለ እንቅልፏ አንዲት ፊደል አልጫረም። በራሱ ስም ፈንታም ማንም የማያውቀውን የክርስትና ስሙን አኖረ። ይህ ስም በነፍስ አባትና በቤተ ሰብ ዘንድ የሚቀር እንጂ ገበያ የሚወጣ አይደለም፤ ከእናት ስም ጋር ክፉ ሰው እጅ ከገባ ደብተራ ምን እንደሚሠራበት አጥቢ ሕፃን እንኳ ያውቃል። «ወልደተንሣኤ፣ ከደብረ ብርሃን» ብሎ ፈረመ። የአንኮበር ገደል እንዲህ ያለ መደበቂያ የለውም።

አድራሻ ግን አይቀርም። የግሉ የፖስታ ሣጥን ያለው ሰው በከተማው ስንት ነበር? ሠራተኛው ሁሉ ደብዳቤ የሚደርሰው በመሥሪያ ቤቱ ሣጥን ነው። ደግነቱ ሣጥኑን የሚከፍተው ተላላኪው በሽር፣ የአልዩ አምባ ልጅ፣ የልብ ወዳጁ ነበር።

«በሽር፣ ለወልደተንሣኤ የሚል ከመጣ በኪስህ አድርገህ ለኔ።»

«ወልደተንሣኤ ደግሞ ማነው?»

«የአክስቴ ልጅ።»

«አክስት አለችህ እንዴ?»

«ሰባት አሉኝ።»

ደብዳቤው በሬዲዮ ተነበበ። «ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የምላሴ ነው። እሷ ከሄደች ወዲህ ቀሚሷን ካልተንተራስኩ እንቅልፍ አይወስደኝም» የሚለው ቦታ ላይ አንባቢዋ ራሷ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። ደብረ ብርሃን ግን በሳቅ ፈነዳች። «ቀሚስ ተንተራሹ» ማን ይሆን እየተባለ በየአረቄ ቤቱ ሲፈለግ ከረመ፤ ከሁሉ አስበልጦ የሚስቀውም ሸዋንግዛው ነበር። «ወንድ ነኝ ብሎ ሱሪ ለብሶ!» እያለ ጠረጴዛ ይደበድባል።

በመካከሉ ከጎረቤላ መልካም ወሬ መጣ። አማቱ አለቃ ኪዳነ ማርያም እንዲህ ብለው ላኩበት፦ «እሑድ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና። እሷ ያለችው አንድ ቃል ነው፤ እስከዚያ የቤቷን ነገር ከሰው አፍ ከሰማች መምጣትህ ይቅር።» ሸዋንግዛው ሦስት ሽማግሌ ለመነ፤ ለሰው ሲያወራ ግን አሥራ አንድ ናቸው።

በሽር ለቅሶ ሊደርስ አልዩ አምባ የወረደው በዚያው ሳምንት ነው። ሣጥኑን ሥራ አስኪያጁ ጓድ አበጋዝ ራሱ ከፈተው።

ኀሙስ ጧት ሸዋንግዛው ሥራ ሲገባ፣ ጠጉር ይዘው የመጡት ገበሬዎች በሙሉ አህዮቻቸውን ትተው አጥሩ ላይ ተለጥፈዋል። በመካከላቸው ሾልኮ አነበበ፦

«ማስታወቂያ። ከሬዲዮ ጣቢያ ለወልደተንሣኤ የተላከ ደብዳቤ በሣጥናችን ደርሷል። በዚህ ስም የሚጠራ ሠራተኛ ባለመኖሩ፣ አስተዳደሩ የሠራተኞችን የሕይወት ታሪክ ቅጽ መርምሮ፣ ስሙ የመጋዘን ሠራተኛው የጓድ ሸዋንግዛው የክርስትና ስም መሆኑን በከፍተኛ ጥረት አረጋግጧል። ደብዳቤዎን መጥተው ይውሰዱ።»

ለካ ከስድስት ዓመት በፊት ሲቀጠር ያንን ስም በገዛ እጁ ቅጹ ላይ ሞልቶታል! እግሩ እንዴት አድርሶት የአበጋዝ ቢሮ እንደገባ አያውቅም።

«ጓድ አበጋዝ፣ ምን አደረጉኝ?»

«ደብዳቤ አገኘሁልዎ!» አበጋዝ ፊቱ በራ። «ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የመቶ አርባ ሰው ቅጽ! ሌላ ሥራ አስኪያጅ ቢሆን ተቀባዩ አልተገኘም ብሎ ይመልሰው ነበር።»

«ቢመልሰው ምን ነበረበት! ቅጹን ስሞላ ከመሥሪያ ቤቱ አይወጣም ተብዬ አልነበረም?»

«የት ወጣ? የተለጠፈው በመሥሪያ ቤቱ አጥር ላይ ነው።»

«በውጪው በኩል!»

«አጥር ሁለት ፊት አለው፣ ጓድ።»

«ያንሡልኝ። ይኼ የኔ የብቻዬ ነገር ነው።»

«የብቻ የሚባል ነገር አብቅቷል። ምስጢር የአድኃሪያን መሣሪያ ነው። ደግሞም የተለጠፈ ማስታወቂያ ሰባት ቀን ሳይሞላው አይነሣም። ቅሬታ ካለዎ በጽሑፍ ያቅርቡ።»

ሸዋንግዛው በጽሑፍ አቀረበ። አበጋዝ ሰው ነው፣ ልብ አለው ብሎ የልቡን ሁሉ ዘረገፈው፦ ሚስቱን፣ ቀሚሱን፣ የእሑዱን ሽማግሌ። ዓርብ ጧት ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ጎን ሁለተኛ ተቸንክሮ አገኘ፦

«ማስተካከያ። በሬዲዮ ስለ ባለቤታቸው ቀሚስ የጻፉት ጓድ ሸዋንግዛው፣ ጉዳዩ የግላቸው መሆኑንና እሑድ በሽማግሌ እስኪታረቁ ድረስ ማንም እንዳያውቅባቸው ስለጠየቁ፣ ሕዝቡ ይህንኑ ዐውቆ እንዳያውቅ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ከአልዩ አምባ የተመለሰው በሽር አጥሩ ሥር ቆሞ ሁለቱን ወረቀቶች ደጋግሞ አነበበና «ያክስትህ ልጅ እንዴት አደረ?» አለው።

«በሽር፣ አትቀልድብኝ።»

«ምን ላድርግ! እኛስ አልሐምዱሊላህ አንድ ስም ነው ያለን፤ ስንሰደብም በአንዱ ተሰድበን እንገላገላለን። አንተ በሁለቱም ተያዝክ።»

«ነገ ቅዳሜ ገበያ ነው። ከጎረቤላ ሰው ይመጣል።»

«ሰውማ ይመጣል» አለ በሽር፤ ቀልዱን ተወ። «እኔ እንዳልነቅለው ጥበቃ ቆሞበታል። ለአንድ ወረቀት ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ!»

በማግሥቱ ከጎረቤላ የመጣው ሰው በለጥሻቸው ራሷ ነበረች። አባቷ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ ሊገዙ ሲመጡ ተከትላቸው ነው። ገበያው ውስጥ ገና ሳትራመድ «ቀሚስ ተንተራሹ ተገኘ!» ሲባል ሰማች፤ የማን ባል እንደሆነም ነገሯት። ቀጥታ ወደ አጥሩ መጣች። ሸዋንግዛው በመጋዘኑ መስኮት አያትና የጠጉሩ ክምር ውስጥ ገባ። ከሦስት ነብር ጋር ታግሎ የጣለ ሰው እንደ ጠቦት እስከ አንገቱ ተቀበረ።

በለጥሻቸው ማንበብ የተማረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። ጣቷን እየሰደደች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ፊደል በፊደል አነበበችው። «ስለ... ባለ... ቤታቸው... ቀሚስ...» ገበያው ሥራ ፈትቶ ያዳምጣል። እንዲህ ያለ ረጅም ንባብ ከፍጥረት ጀምሮ ተነብቦ አያውቅም።

ጨረሰችና «ሸዋንግዛው! ና ውጣ!» አለች።

ነጭ ጠጉር ከራስ እስከ እግሩ ተጣብቆበት ወጣ። የሳቀ የለም።

«እንቅልፌን ጽፈሃል?»

«እመብርሃንን! አንዲት ቃል አልወጣኝም።»

«ስሜንስ?»

«ስምሽን አልጻፍኩም። የጻፍኩት የራሴን ጥፋት ነው፤ እሱንም በክርስትና ስሜ፤ ማንም እንዳያውቅሽ።»

«ታዲያ ይህን ማን ሰቀለው?»

«አስተዳደሩ ነው» አለ ከኋላዋ ጓድ አበጋዝ፤ ሕዝብ ሲሰበሰብ ንግግር ለማድረግ ወጥቶ ነበር። «በግልጽነት መርሕ መሠረት—»

በለጥሻቸው ዞረች። «ጌታዬ፣ እኔ ሚስቱ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ስንኖር የክርስትና ስሙን ተቆጥቼ እንኳ ከቤት ደጃፍ አውጥቼው አላውቅም። እርስዎ አጥር ላይ ቸነከሩት። የእርስዎስ የክርስትና ስም ማን ይባላል?»

አበጋዝ ዐይኑ ተንከራተተ። «ይኼ... ይኼ ኋላ ቀር ጥያቄ ነው።»

«ኋላ ቀር ከሆነ ምን ያስፈራል? እርስዎም ቅጽ ሞልተው የለ? በሽር ያምጣው፤ ከባለቤቴ ጎን እንስቀለው። የእናትዎንም ስም አብረን።»

«የእናቴን?»

ገበያተኛው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በዚህ መካከል አለቃ ኪዳነ ማርያም፣ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ናቸውና ምን እንደተባለ ሳይሰሙ፣ የጧፉን ዋጋ ሊጽፉ ከኪሳቸው ብጣሽ ወረቀትና እርሳስ አወጡ። እርሳሱን በምላሳቸው አርጥበው ቀና ሲሉ ዐይናቸው ከአበጋዝ ዐይን ጋር ገጠመ።

«ማን አሉኝ?» አሉት በትሕትና።

አበጋዝ ስለ ቁስ አካል ዓለም አተያይ በየሳምንቱ ሁለት ሰዓት የሚያስተምር ሰው ነው። ፊቱ ግን ዐመድ መሰለ። ወደ አጥሩ ሮጠና ስምንቱን ሚስማር በጥፍሩ ነቀለ፤ ጥበቃው ጠመንጃውን አስቀምጦ አገዘው። ሁለቱን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ከተተ፤ የሬዲዮውን ፖስታ እንደታሸገ ለሸዋንግዛው ወረወረለትና ቢሮው ገብቶ ቆለፈ።

ሸዋንግዛው ፖስታውን ሳይከፍት ለሚስቱ ሰጣት።

«ነገ ሽማግሌዎችህን ይዘህ ና» አለች። «ያልኩት ቃል ግን ያው ነው። ይህንንም ቢሆን ካንተ አፍ እንዳልሰማው።»

«ይህንንም?»

«ይህንንም።»

እሑድ ታረቁ፤ ሰኞ በለጥሻቸው ቤቷ ገባች። የሬዲዮ ጣቢያው ምን ብሎ እንደመከረ እስከ ዛሬ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም።

ማክሰኞ ሸዋንግዛው አረቄ ቤት ሲገባ ወንበር ለቀቁለት፤ መለኪያ ሞሉለት። «በል እንጂ! ካድሬውን እንዴት አድርጋ አስነቀለችው?» አሉት። በዕድሜው ሙሉ ሲፈልገው የኖረ ወሬ፣ አንዲት ቅንጣት መጨመር የማያስፈልገው ወሬ፣ ጉሮሮው ላይ ደርሶ ተሰካ። አፉን ከፈተ።

«ዘንድሮ ብርዱ በርትቷል» አለ።

ስለዚህ ሌሎቹ አወሩት። አንዱ አለቃ ድግምት ደገሙበት አለ፤ ሌላው አበጋዝ ተንበርክኮ አለቀሰ አለ፤ ጥግ የተቀመጠው ደግሞ ሚስማሩ አራት ብቻ ነበር ብሎ ማለ። ሸዋንግዛው መለኪያውን ጨብጦ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ላብ እያጠመቀው ተቀመጠ። ስምንት ነበር! በዐይኑ ቆጥሯል!

ሂሳቡን ከፈለና ሳይመሽ ቤቱ ገባ።