ዜሮ ማለት ያቃተው መለኪያ

ለሚመለከተው ሁሉ፣ በተለይም ለማይመለከተው፣ የሚከተለው ከባድ ሐዘን ይገለጻል፦ የአማቴ የቮልቴጅ መለኪያ ዜሮ ማለት አቁሟል። ቀዩና ጥቁሩ ገመድ ጫፍ ለጫፍ ተነካክተው፣ በመካከላቸው ምንም ሊኖር በማይችልበት ሰዓት፣ ከዜሮዎቹ መጨረሻ አንዲት ሦስት ቁጥር ተቀምጣ አልነሳም ብላለች።

ለሌላው ሰው ይህ ኢምንት ነው። አማቴ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መለኪያ ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። የሰፈሩ ኤሌክትሪሻን ሁሉ የእጁን መለኪያ የሚያምነው ከሳቸው ትልቅ መለኪያ ጋር ካስተያየ በኋላ ነው። ዳኛው ከዋሸ ችሎቱ ምን ይሁን? ለባለቤቴ ደውለው በቃኝ አሏት። ሱቁን ዘግተው እኛ ጋ ሊመጡ ነው፤ ከሳሎናችን አንድ ጥግ ትበቃቸዋለች።

እኔ አማቴን የምወዳቸው ከነሱቃቸው ነው። እጃቸው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ሳሎናችን ከገቡ መጀመሪያ ፍሪጁን ይፈቱታል፣ ቀጥሎ የበሩን ማጠፊያ፣ ሦስተኛው ተረኛ እኔ ነኝ። የባለቤቴ ፍርሃት ግን ሌላ ነበር። አጎቷ መዶሻውን ባስቀመጠ ዓመት እንዴት እንደ ቅጠል እንደረገፈ አይታለች። «አባዬ ያን ጠረጴዛ ከተወ ይሞትብኛል» አለችኝ። ከዚህ በኋላ ቀልድ አላዋጣኝም። ቅዳሜ ጠዋት ተነስተን ሄድን።

እሷ የምትሠራው መለኪያዎች በሚፈተሹበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። እኔ የተማርኩት ሕግ ስለሆነ እዚያ ሱቅ የተሰጠኝ ሹመት ባትሪ ይዞ ማብራት ነው፤ ከትምህርት ደረጃዬ ጋር ይመጣጠናል።

ሱቁ ጠባብ ነው። በአንድ በኩል መንገዱን የሚያይ መስኮት፣ በሌላው እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ሆዳቸው የተከፈተ መሣሪያዎች፣ አየሩ የቀለጠ ቆርቆሮ ይሸታል። አማቴ ከመለኪያው አጠገብ በሽተኛ እንደሚያስታምም ዘመድ ተቀምጠዋል። እኔን ሲያዩ፣ ጠበቃውንም ማምጣታችሁ ጥሩ ነው፣ ኑዛዜ የሚያጽፍ አይጠፋም አሉ።

ባለቤቴ ካቻቪቴዋን አውጥታ ክዳኑን ፈታች። ከውስጡ አረንጓዴ ቦርድ፣ በላዩ ጥቃቅን ነገሮች፤ አንድም የሚንቀሳቀስ የለም። ታዲያ ይሄ ነገር በምን ያውቃል ብዬ ጠየቅሁ።

ዓይኗን ሳታነሳ አስረዳችኝ። የመለኪያው በር ላይ ትልቅ ሬዚስተር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማገጃ፣ ቆሟል፤ መለኪያው ከሚለካው ነገር የሚወስደው ከምንም የማይቆጠር ነው፣ ቀምሶ ማዕድ እንደማያጎድል እንግዳ። ያቺን ጠብታ ይዞ ይገባና ባልዲ ይሞላል። ባልዲው ካፓሲተር ይባላል። ከቧንቧው የሚመጣው ውሃ ምን ያህል ኃይል እንዳለው አታውቅም እንበል። ለተወሰነ ጊዜ ያህል ትሞላለህ። ከዚያ ቧንቧውን ዘግተህ፣ ፍጥነቱን አሳምረህ የምታውቀውን ቀዳዳ ከታች ትከፍትና ባልዲው እስኪደርቅ ትቆጥራለህ። ብዙ ከቆጠርክ ቧንቧው ኃይለኛ ነበር፤ ጥቂት ከቆጠርክ ደካማ። የታወቀው ቀዳዳ መሣሪያው ሆድ ውስጥ የተቀመጠ፣ የማይለዋወጥ ቮልቴጅ ነው። በመለኪያው መስኮት ላይ የምናየው ቁጥር ያ ቆጠራ ነው።

ተከሳሹን ካላፋጠጥኩ እንቅልፍ አይወስደኝምና፣ ባልዲው ራሱ የተጭበረበረ ቢሆንስ አልኩ። ሰፊ ነው ተብሎ ጠባብ ቢሆን?

አማቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ጥበቡ እዚያ ላይ ነው። ሰፊ ባልዲ ቀስ ብሎ ይሞላል፣ ቀስ ብሎም ይጎድላል፤ ጠባቡ ፈጥኖ ይሞላል፣ ፈጥኖም ይጎድላል። የሚሞላውም የሚጎድለውም ያው አንዱ ባልዲ ነዋ። «ሲወጣ ያጭበረበረውን ሲወርድ ይመልሳል» አሉ፣ ልጃቸው የተመረቀች ይመስል እየኮሩ።

የበላውን በዚያው ልክ የሚመልስ አካል ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር። ባርኔጣ ባደርግ አወልቅ ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። መለኪያው ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት የውጭውን በር ይዘጋና ራሱን ይለካል። ምንም ሳይገባለት አለ የሚለውን፣ ማለትም የገዛ ስህተቱን፣ በሌላ ትንሽ ካፓሲተር ላይ ይይዛል። ከዚያ በሩን ከፍቶ የሌላውን ሲለካ ያችን ከላይ ይቀንሳል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው እኛ ዓይናችንን ጨፍነን እስክንገልጥ ነው፣ ማንም ሳያዘው፣ ማንም ሳያጨበጭብለት። በሕግ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለ ነገር ቢያስተምሩን ግማሻችን የዳኝነት ወንበር ላይ ለመውጣት ባልደፈርን።

እንግዲህ በሽታው እዚህ ነው አለች ባለቤቴ። ስህተቱን የሚይዝባት ትንሿ ካፓሲተር መያዝ አቅቷታል፤ የሆነ ቦታ እያፈሰሰች ነው።

አባትና ልጅ በአንድ ማጉያ መነጽር ላይ አጎነበሱ። ሲያስቡ በሁለቱም ግንባር መሃል አንዲት መስመር ትወጣለች። እሷ እጇን ትዘረጋለች፣ እሳቸው ሳትጠይቅ ወረንጦውን ያቀብላሉ። እሳቸው ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ እሷ ቦርዱን ወደ ብርሃኑ ታዞራለች። ሙያውን የጀመረችው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ካገባችኝ ወዲህ ግን «አባዬ፣ የሚቀጥለው ሳምንት» ስትል ሳምንቱ ሳይቀጥል ዓመታት አልፈዋል። ባትሪውን ወደ ቦርዱ አስጠጋሁላቸው።

በመጨረሻ መነጽሩን አስቀመጠች። በካፓሲተሯ ሁለት እግሮች መካከል የሚያብለጨልጭ ቅባት ተለድፏል፤ ቫዝሊን፣ በላዩ አቧራ። ካፓሲተሯ የያዘችው ቻርጅ በዚያች መንገድ እየሾለከ ነው። በአልኮል በራሰ ጥጥ ጠረገችው፣ በፀጉር ማድረቂያ አደረቀችው፣ መሣሪያውን አብርታ ገመዶቹን አነካካች። ሦስቷ ተነስታ ሄደች።

እልል ልል ስል ፊቷን አየሁና ባትሪውን አጠፋሁ።

ሱቁን ሰኞ ነው የሚዘጉት ብዬ አማቴን ጠየቅኋቸው። ማን ይዘጋል አለህ አሉኝ፤ ሰኞ ደንበኛ ቀጥረዋል።

ባለቤቴ ጥጡን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሳችው።

«አባዬ፣ ሳልጠርገው አይቼዋለሁ፤ የአውራ ጣት አሻራ ነበር። ይሄን መሣሪያ ካንተ ሌላ የሚከፍተው የለም።»

«የለም።»

«እዚህ ጋ በጣት እንዳልነካ እጄን እየመታህ ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ነካኸው?»

አማቴ ከመደርደሪያው ሌላ የተበላሸ መለኪያ አወረዱ፣ ፊቷ አስቀመጡት፣ የራሳቸውንም ወንበር ወደ ወንበሯ ሳብ አደረጉ።

«አልናገርም» አሉ።