ሁለት ሰው፣ አንድ ጽሑፍ

"የሰባ ዓመት አዛውንት አርግዘዋል ነው የምትሉኝ?" አለች የላብራቶሪ ባለሙያዋ በስልክ። "አሁን ደም የቀዳሁት ከነፍሰ ጡር ነው። በእሷም ቱቦ ላይ፣ በአዛውንቱም ቱቦ ላይ የተለጠፈው የእሳቸው ስም ነው!"

"መልሼ ልደውልልሽ" አለችና ሦስተኛ ፎቅ ላይ የሆስፒታሉን የኮምፒውተር ፕሮግራም የምትጽፈው ወጣት ኮዱን ከፈተች። ባልደረቦቿ "ቆጣቢት" ይሏታል፤ የኮምፒውተር ሜሞሪ ሲባክን ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። የታካሚውን ስምና ዕድሜ የሚያዘጋጀውን የኮዱን ክፍል፣ ፈንክሽኑን፣ ባለፈው ሳምንት የነካካችውም በዚሁ አመሏ ነው። ቀድሞ በተጠራ ቁጥር አዲስ ጽሑፍ ይፈጥር ነበር። እሷ ሜሞሪው ላይ አንድ ቦታ ብቻ ሰጥታው፣ የፊቱን እየደመሰሰ እዚያው ላይ እንዲጽፍ አደረገችው። በአንድ ሰው ስም ስትሞክረው እንደ ጥይት ፈጠነ፤ ዛሬ ጠዋት ሥራ ጀመረ።

ማተሚያው ግን ቱቦ ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት የሚያወጣው ጥንድ ጥንድ እያደረገ ነው። የመጀመሪያው ስም ሳይታተም ሁለተኛው ይመጣና ይደመስሰዋል፤ ሁለቱም ወረቀቶች የኋለኛውን ስም ይዘው ይወጣሉ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጥላለች።

አለቃዋ ከጀርባዋ ቆሞ ስክሪኑን አየና ሳቀ። "ለሁለት እንግዳ አንድ ብርጭቆ! የመጀመሪያው ሳይጠጣ ደፍተሽ ለሁለተኛው ቀዳሽበት።"

"ልክ ነህ።" አፈረች። ፈንክሽኑ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አዲስ ጽሑፍ እንዲሰጥ አድርጋ መለሰችው። አሁን በሁለት ስም ሞከረችው፣ ሠራ። አምስት ደቂቃም አልፈጀባት።

"በቃ፣ ማተሚያው ተበላሽቶ ነበር እንበላቸው" አለ አለቃዋ። "ደግሞስ ከጠዋት ጀምሮ ከተቀዳው አርባ ቱቦ ሃያው ትክክል አይደል?"

"የትኛው ሃያ?"

አለቃዋ አገጩን አሸት አሸት እያደረገ ስክሪኑን እንደገና አየ።

"እኔ ያስተካከልኩት ፕሮግራሙን ነው። ቱቦዎቹ እንደተሳሳቱ ናቸው። አንዱ በሌላው ደም መድኃኒት ሊታዘዝለት ነው እኮ!"

ደወለች። "እህቴ፣ ማተሚያው ምንም አልሆነም፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ከጠዋት ጀምሮ የተቀዳው በሙሉ ይወገድና እንደ አዲስ ይቀዳ።"

"አርባ ሰው? ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፈው የዋሉትን? ማን ደፍሮ ሊነግራቸው ነው? እኔን ከነነፍሴ ነው የሚበሉኝ!"

"የምነግራቸው እኔ ነኝ። ከነፍሰ ጡሯ እጀምራለሁ፤ እንዳትሄድ ያዢልኝ።"

ስልኩን ዘጋችና ሊፍቱን ሳትጠብቅ በደረጃው ወረደች።