በኤርነስቲና ስም

ለሟቹ ነፍስ ከሚደረገው የዘጠኝ ቀን ጸሎት በሦስተኛው ቀን፣ ሳሎን ያሉት ሴቶች መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲደግሙ፣ ኦርሊንዳ ከጓሮ የጋራዡ በር ሲከፈት ሰማች። ተነሥታ ወጣች። ወንድሟ ሌቪ ከአልበከርኪ ካመጣው ገዢ ጋር ቆሟል። የአባታቸውን መኪና ሸራ ገልጠው፣ ሰውየው በወይን ጠጅ ቀለሙ ላይ መዳፉን ያንሸራትታል።

«አባባ ከተቀበረ ገና ሁለት ቀኑ ነው» አለችው ወንድሟን።

«ቢያየው ምን አለበት? እኔ ሩቅ ነኝ፣ አንቺ ሥራ አለሽ። ማን ሊወለውለው ነው?»

«ሸራውን መልሰው።»

ኦርሊንዳ የትምህርት ቤት አውቶቡስ መንዳት ከጀመረች ሃያ ዓመት ሆኗታል፤ አንድ ጊዜ የተናገረችውን አትደግምም። ሌቪ ሸራውን መለሰ። ገዢው ሲሰናበት ግን ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ ጠየቀ። ሁለቱም ባንድ አፍ «በአባታችን» አሉ።

በማግስቱ ጠዋት የአባቷን መሳቢያ ከፍታ ሊብሬውን አገኘችው። ባለቤት በሚለው ቦታ የሰፈረው ስም ኤርነስቲና ትሩሂዮ ነበር።

የመኪናውን ታሪክ በመንደራቸው በቺማዮ የማያውቅ የለም። የ1959 ኢምፓላ ነው። በአዲስነቱ የሳንታ ፌ ሐኪም ነዳው፤ ከሐኪሙ ላይ የአባቷ ታላቅ ወንድም ኤሊሴዮ ገዛው። ኤሊሴዮ ዓመት ሳይነዳው ለቬትናም ተመለመለ፤ የተመለሰው በሬሳ ሣጥን ነው። እናቱ መኪናውን ደጅ ባየች ቁጥር እየጮኸች ስታለቅስ ከርማ፣ ለአንድ የታኦስ ገበሬ ሸጠችው። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ አባቷ ሴሌዶንዮ ፈልጎ ሲያገኘው ጋቢናው ውስጥ ዶሮዎች እንቁላል ታቅፈውበት ነበር። ገዝቶ፣ ጎትቶ አምጥቶ፣ አራት ክረምት ሙሉ ሲጠግነው ኖረ። ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ሙሽራ ሁሉ በእሱ ነው ቤተ ክርስቲያን የሄደችው። ኦርሊንዳ ልጅ ሳለች ጋቢናው ላይ ከረሜላ ስትበላ አባቷ፣ «የሰው መኪና ነው» ብሎ ተቆጥቷት ያውቃል። የሟች አጎቷን ማለቱ መስሏት ነበር።

ኤርነስቲና ጎረቤት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ጸሎቱን አንድ ቀን ሳታጓድል በሩ ሥር የምትቀመጥ አሮጊት። በአምስተኛው ቀን ሰዉ ፖሶሌ የሚሉትን የበቆሎ ሾርባ ሊበላ ወደ ኩሽና ሲገባ ኦርሊንዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እትዬ ኤርነስቲና፣ መኪናው የእርስዎ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች አሮጊቷ፣ ሳትደነግጥ።

ከዚያ ሁሉን ነገረቻት። የኤሊሴዮ እጮኛ ነበረች። የሄደ ዕለት አውቶቡስ ድረስ የሸኘው ሴሌዶንዮ ነበር፤ ኤሊሴዮም ካልተመለስኩ መኪናው የኤርነስቲና ነው ብሎ አደራ ሰጠው። እናቱ ስትሸጠው ግን ሴሌዶንዮ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርና አፉን መክፈት አቃተው። ገዝቶ በመለሰው ጊዜ ኤርነስቲና አግብታ ሦስት ወልዳለች።

«አልፈልግም አልኩት። ‹ውሰጂው አላልኩሽም፣ ስምሽ ብቻ ይጻፍበት› አለኝ። ባሌ እንዳይከፋው ለማንም አልተነፈስንም። በየዓመቱ እየመጣ የሊብሬውን ማደሻ ወረቀት ያስፈርመኛል፤ ‹መኪናሽ ደህና ነው› ይለኝና ይሄዳል። ዘንድሮም በዚያ ሕመሙ ላይ በከዘራ መጣ።»

ኦርሊንዳ አባቷ ከሞተ ወዲህ ያን ዕለት ገና አለቀሰች። ለሌቪም ነገረችው። «ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አልነገረኝም!» አለ። ለእሷም እንዳልነገራት አስታወሰችው። ለአልበከርኪው ሰው ደውሎ የሚሸጥ መኪና የለም ያለው ራሱ ሌቪ ነው።

በዘጠነኛው ቀን የመጨረሻው ጸሎት አብቅቶ እንግዶቹ ሲበተኑ፣ ኦርሊንዳ ቁልፉን በአሮጊቷ መዳፍ ላይ አኖረችው። ኤርነስቲና መለሰችላት።

«መንዳት የማልችል ሰው ቁልፍ ምን ያደርግልኛል? የስንቱ ሙሽራ ተቀመጠበት! የመኪናው ባለቤት እኔ ግን ከኤሊሴዮ ወዲህ ገብቼበት አላውቅም። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ውሰጂኝ።»

ሌቪ በሩን ከፍቶ ደግፎ አስገባት። ኦርሊንዳ መሪውን ያዘች። አባቷ ረጅም ስለነበር ወንበሩ እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ተገፍቷል፤ እግሯ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። ሌቪ ጎንበስ ብሎ ወንበሩን ወደ ፊት ሊስብላት እጁን ሰደደ።

«ተወው» አለችው።

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተጠግታ ተቀመጠች። እግሯን እስከቻለች ዘርግታ ፍሬኑን በጣቶቿ ረገጠችና ሞተሩን አስነሣች።